የሟች አውቶሞቢልና የወራሽ ልግስና

ሰው በሥራው ካፈራው ገንዘብ ላይ ከፍሎ ለችግረኛ ሲሰጥ፥ ያደረገው ነገር በጎ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ላቡን አፍስሶ ያገኘውን እንጀራ ለተራበ ቆርሶ የሰጠ ሰው፥ ከራሱ ቀንሶ ለሌላው መጨመሩን ሁሉም ያያል። ነገር ግን ሰው ራሱ ያልደከመበትን፥ አባቱ ወይም እናቱ ደክመው ያተረፉለትን ነገር ሲሰጥ፥ ልግስናው የማን ነው? የሟቹ ነው ወይስ የወራሹ? ሰጪውስ ከራሱ ምን ጨመረበት? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ ውርስ፥ ስለ ምጽዋትና ስለ ሕዝብ ገንዘብ ያለንን አሳብ ሁሉ የሚነካ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄውን እንዲያው በደፈናው ከምንመረምረው ይልቅ አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዘን ብንመለከተው ይሻላል። በአሜሪካ አገር ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ይሞታል፤ ከቤቱ ጎን ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥም ለብዙ ዓመታት በጥንቃቄ የያዘው ትልቅ፥ ያማረ፥ የድሮ አውቶሞቢል ይገኛል። ካዲላክ፥ ሊንከን ወይም ፓካርድ ይሆናል። ልጁ ይወርሰዋል፤ ነገር ግን የራሱ መኪና አለው፤ ለድሮው መኪና ማቆሚያ ስፍራ የለውም፤ የሚፈጀው ቤንዚንና የሚጠይቀው ጥገናም ያስፈራዋል። በዚህ ጊዜ ከወዳጆቹ አንዱ «ለበጎ አድራጎት ድርጅት ስጠው፤ ድሆች ይረዱበታል፤ አንተም ከግብርህ ላይ ይቀነስልሃል» ሲል ይመክረዋል። ምክሩ መልካም ነው። ሆኖም ከመልካም ምክር እስከ መልካም ሥራ ያለው መንገድ ረዥም ስለ ሆነ፥ ደረጃ በደረጃ ልንመለከተው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ወራሹ በእጁ የገባው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ካዲላክ በዲትሮይት ከተማ በ1902 ዓ.ም. የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። በ1908 ዓ.ም. ሦስት የካዲላክ አውቶሞቢሎች በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለው ስፍራ ብሎናቸው ሳይቀር ተፈታትተው፥ ዕቃቸውም እርስ በርሱ ከተደባለቀ በኋላ፥ እንደ ገና ተገጣጥመው ያለ ችግር ተነዱ። የአንዱ መኪና ዕቃ ለሌላው በትክክል መግጠሙ በዚያ ዘመን ብዙዎችን ያስደነቀ ነገር ነበር። ፋብሪካውን ለዚህ ክብር ያበቃው ሄንሪ ሌላንድ በኋላ በ1917 ዓ.ም. ሊንከንን አቋቋመ፤ ይህንንም ፎርድ በ1922 ዓ.ም. ገዛው። ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ፓካርድ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ስሙ ከገበያ ጠፋ። እነዚህ መኪናዎች በመጠናቸውም የሚያስገርሙ ነበሩ። የ1959 ዓ.ም. ካዲላክ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ሞተሩ 6.4 ሊትር፥ ጉልበቱም 325 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፥ ከኋላው ሁለት ታላላቅ ክንፎች ቆመውበት ነበር። እንግዲህ ወራሹ የተረከበው ነገር የብዙ ሰው እውቀትና የእጅ ሥራ የተከማቸበት ዕቃ ነው እንጂ ተራ ብረት አይደለም።

በብረቱ ላይ ደግሞ ለሰው ልብ የሚቀርብ ሌላ ነገር አለ። በአሜሪካ የዘር ልዩነት በሕግና በልማድ በጸናበት ዘመን፥ ጥቁር አሜሪካዊ ገንዘብ ቢኖረውም በፈለገው ሰፈር ቤት መግዛት፥ በፈለገው ሆቴል ማደር አይችልም ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ የፖስታ ሠራተኛ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳትመው የነበረው መጽሐፍ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚስተናገድባቸውን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች እየዘረዘረ የሚያሳውቅ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ታላቅ አውቶሞቢል መግዛት ትርጉሙ ሌላ ነበር። በቺካጎ ይታተም የነበረው «ኤቦኒ» የተባለው የጥቁሮች መጽሔት በ1949 ዓ.ም. በርእሰ አንቀጹ ጥቁሮች ካዲላክ ለምን እንደሚገዙ ሲያብራራ፥ መኪናው ለባለቤቱ ከማንም ሰው የማያንስ መሆኑን የሚያስመሰክርበት ምልክት እንደ ሆነ ጽፎ ነበር። ቤት የተከለከለ ሰው በመንገድ ላይ ክብሩን ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ የአባቱን ካዲላክ ሲወርስ፥ ከመኪናው ጋር የአባቱን መዋረድና ያንን መዋረድ እንቢ ያለበትን ክብር አብሮ ይወርሳል።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ሰው «የአባት መታሰቢያ አይሰጥም፤ አይሸጥም» ይል ይሆናል። ይህ አባባል ሊከበር የሚገባው ስሜት አለው። ነገር ግን አውቶሞቢል እንደ ሐውልት ቆሞ የሚኖር ነገር አይደለም። ቆሞ የቀረ መኪና ጎማው ይሰነጠቃል፤ ባትሪው ይሞታል፤ ቤንዚኑ በታንኳው ውስጥ ይበላሻል፤ የፍሬኑ ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ቧንቧውን ያዝገዋል፤ አይጥም በወንበሩ ውስጥ ጎጆዋን ትሠራለች። ስለዚህ ለመታሰቢያ ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው በየጊዜው ሊነዳውና ሊያስጠግነው ካልቻለ፥ የሚጠብቀው የአባቱን መታሰቢያ ሳይሆን የመታሰቢያውን መበስበስ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደ ተባለው፥ ማቆሚያ የሌለው ሰው የአባቱን ካዲላክ ከዘመድ ግቢ ወደ ጎረቤት ግቢ እያዞረ ቢያኖረው፥ ለሟቹ ክብር አይሆንም። መያዝ የሚችል ይያዝ፤ መያዝ የማይችል ግን በጊዜው ለሚገባው ቢያስተላልፈው አባቱን አልካደም።

እንዲሁም ከመስጠት በፊት ዕቃው በእርግጥ የሰጪው ለመሆኑ መጣራት ይኖርበታል። ኑዛዜው ሳይታይ፥ የሟቹ ዕዳ ሳይከፈል፥ ሊብሬው በወራሹ ስም ሳይዞር፥ ወንድምና እኅትም ሳይጠየቁ የሚሰጥ መኪና ስጦታ ሊባል አይችልም። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው አነጋገራችን በውርስ ጊዜ የሚታየውን የሰው ጠባይ ያሳያል። ዘረፋው ግን ለራስ ጥቅም ብቻ የሚደረግ አይምሰለን። ከወንድሞቹ መካከል አንዱ ቀድሞ ተነሥቶ የሁሉንም ድርሻ ለድሆች ቢሰጥና ለጋስ ተብሎ ቢመሰገን፥ እርሱም በድሆች ስም ዘርፏል። በሌላ ሰው ገንዘብ ቸር መሆን ለማንም አይከብድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድርሻው ተጣርቶ፥ ወራሹም ለመስጠት ከቈረጠ በኋላ፥ መኪናው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው መኪናው ራሱ ለአንድ ችግረኛ ቤተ ሰብ የሚሰጥ ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሚበዛው አሠራር ግን ሌላ ነው። ጎታች መኪና መጥቶ አውቶሞቢሉን ይወስደዋል፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ የወከለው አሻሻጭም በሐራጅ ይሸጠዋል፤ ከሽያጩም የመጐተቻው፥ የማስታወቂያውና የአሻሻጩ ድርሻ ተነሥቶ የቀረው ለድርጅቱ ይደርሳል። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ 54 የመኪና ስጦታዎችን አንድ በአንድ ተከታትሎ መርምሮ ነበር። ከነዚህም ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ያህል ለድርጅቶቹ የደረሰው ገንዘብ፥ ሰጪዎቹ በግብር ወረቀታቸው ላይ የመኪናው ዋጋ ነው ብለው ካስመዘገቡት ከመቶ አምስት እጅ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ አንድ ሰው የአንድ ሺህ ዶላር ነገር ሰጠሁ ብሎ ሲጽፍ፥ ለችግረኛው ቤት የገባው ከሃምሳ ዶላር ያልበለጠበት ጊዜ ብዙ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ አለ። እዚያው ዘገባ ላይ እንደ ተገመተው፥ በ2000 ዓ.ም. ግብር 733,000 ያህል ግብር ከፋዮች በሰጡት መኪና ምክንያት ተቀናሽ ጠይቀው፥ ግብራቸው በጠቅላላው 654 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀንሶላቸዋል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ነገር በቀላሉ እንረዳዋለን። መንግሥት የተወው ግብር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ለትምህርት ቤት፥ ለመንገድና ለሆስፒታል ሊውል ይችል የነበረ የሁሉ ገንዘብ ነው። ሰጪው ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ባስመዘገበ ቁጥር፥ በአንድ እጁ ለድሃው ጥቂት ሰጥቶ በሌላው እጁ ከሕዝብ ሣጥን ብዙ ይወስዳል። በሕግ የተፈቀደውን ተቀናሽ መቀበል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያልተሰጠውን እንደ ተሰጠ አድርጎ ማስቈጠር ነው።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎችም ይህን አይተው በ2004 ዓ.ም. ሕግ አወጡ፤ ሕጉም ከ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ጸና። በዚህ ሕግ መሠረት ከ500 ዶላር በላይ ተቀናሽ የሚጠየቅበት መኪና ከሆነና ድርጅቱም ሳይጠቀምበት ከሸጠው፥ ሰጪው ሊያስቀንስ የሚችለው መኪናው በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። ድርጅቱ መኪናውን ለራሱ ሥራ በሚገባ ቢገለገልበት፥ ከፍ ያለ ጥገና ቢያደርግለት፥ ወይም ለችግረኛ ሰው በነጻ ወይም ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ቢሰጠው ግን የገበያውን ዋጋ ለማስቀነስ ይፈቀዳል። ከ5,000 ዶላር በላይ የገበያ ዋጋ የሚጠየቅበትንም የታወቀ ገማች ሊመዝነው ይገባል። ተቀናሹ ደግሞ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚነሣ ነው እንጂ ከግብሩ ከራሱ ላይ የሚነሣ ስላይደለ፥ ከላይ የጠቀስነው ወዳጅ የሰጠው ተስፋ ከእውነቱ ሰፋ ያለ ነበር። ሕጉ እንግዲህ ውሸቱን ገታው። ነገር ግን ሕግ ሰውን ከውሸት ሊገታው ይችላል እንጂ ትጉህ ሊያደርገው አይችልም። ትጋቱ ለወራሹ ኅሊና የተተወ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ በግምት እናስቀምጥ። በሚገባ የተያዘ አንድ የድሮ ካዲላክ፥ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው 20,000 ዶላር ሊከፍልበት የሚችል ነው እንበል። ወራሹ ስልክ ደውሎ በጎታች ቢያስወስደው፥ መኪናውም ከተጋጩና ከአረጁ መኪናዎች መካከል ቆሞ በችኮላ ሐራጅ በ6,000 ዶላር ቢሸጥ፥ ከዚህም እኩሌታው ለወጪ ቢሄድ፥ ለድሆች የሚደርሰው 3,000 ዶላር ነው። ወራሹ ራሱ ሁለትና ሦስት ወር ታግሦ የጥገናውን ወረቀት ሰብስቦ፥ የመኪናውን ታሪክ ጽፎ፥ ለአዋቂ ገዥ ሸጦ ገንዘቡን ቢሰጥ ግን 20,000 ዶላር ሊደርስ ይችል ነበር። በአሜሪካ ሕግ የተወረሰ ዕቃ የሚታሰበው አውራሹ በሞተበት ቀን በነበረው ዋጋ ስለ ሆነ፥ ወራሹ ወዲያው በዚያው ዋጋ ቢሸጠው የትርፍ ግብር አይደርስበትም። ታዲያ በመካከሉ የጠፋው 17,000 ዶላር የት ሄደ? ለአሻሻጩና በርካሽ ለገዛው ነጋዴ ሄደ። ወራሹ ሳያውቀው ከድሃው ይልቅ ለነጋዴው አብዝቶ መጸወተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «ልግስና የልብ ነገር ነው፤ የሰጠ ሰው ዋጋ ሊቈጥር፥ ገበያ ሊያጠና አይገባውም፤ ሰጥቶ መርሳት ነው እንጂ» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። ሰጥቶ መርሳት ከውዳሴ ለመሸሽ ያገለግላል። ለሰነፍ ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ለታመመ ጎረቤቱ መድኃኒት ሊያደርስ የተላከ ሰው መድኃኒቱን በመንገድ ላይ አፍስሶ «ልቤ ግን መልካም ነበር» ቢል፥ ልቡን ማንም አይነቅፍበትም፤ በሽተኛው ግን አልዳነም። ምጽዋት የሚሰጠው ለሰጪው ልብ ዕረፍት ብቻ ከሆነ፥ ድሃው የእኛ ደስታ መሣሪያ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ደግሞ «ሐዘንተኛ ሰው ጊዜ የለውም፤ ፈጥኖ መስጠት ከቶ ካለመስጠት ይሻላል» ይላል። ይህንንም እቀበላለሁ። የተወረሰው መኪና ተራና ያረጀ፥ ከጥገናው ወጪ የማይተርፍ ከሆነ፥ በጎታች አስወስዶ ጥቂቷን ገንዘብ ለድርጅቱ ማትረፍ የሚመሰገን ነው። ነገሩ የሚለየው ዕቃው ክቡር ሲሆን ነው። ክቡር ነገርን እንደ ጥራጊ ከግቢ ማስወጣት ሟቹንም፥ ተቀባዩንም ማቃለል ይሆናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ ልመለስ። ወራሹ መኪናውን አልሠራውም፤ አልገዛውም፤ በየእሑዱ አጥቦ አላብለጨለጨውም። በዕቃው ውስጥ ያለው ድካም ሁሉ የሟቹና የሠራተኞቹ ነው። ስለዚህ «የ20,000 ዶላር ነገር ሰጥቻለሁ» ብሎ ሊመካ አይችልም። ያ ዋጋ በሌላ ሰው ሕይወት የተከፈለ ነው። በዚህ ስጦታ ውስጥ የራሱ የሆነ ነገር ሊገኝ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስጦታውን ከሚገባው ስፍራ ለማድረስ በሚደክመው ድካም ነው። ተቀባዩን ድርጅት መመርመሩ፥ ከሽያጩ ምን ያህል እንደሚደርሰው መጠየቁ፥ ዋጋውን በእውነት ማስገመቱ፥ ወንድሞቹን ማማከሩ፥ የአባቱን ታሪክ ከመኪናው ጋር ጽፎ ማስረከቡ፥ እነዚህ የእርሱ ናቸው። ዕቃው የሟቹ ስጦታ ነው፤ ትጋቱ የወራሹ ስጦታ ነው። ትጋቱን ያስቀረ ወራሽ እንግዲህ ከራሱ ምንም አልሰጠም ብንል ጭካኔ አይሆንብንም።

ይህ በትጋት የሚደረግ ስጦታ ምን ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል የሚያሳይ እውነተኛ ምሳሌ አለ። ጌንስ ቢሉ የተባለ ሰው በ1976 ዓ.ም. የሰበሰባቸውን የድሮ አውቶሞቢሎች በካንሳስ ለሚገኘው ለማክፈርሰን ኮሌጅ ሰጠ። የሰጠውም ተሸጠው ገንዘብ እንዲሆኑ ብቻ ሳይሆን፥ ወጣቶች የድሮ መኪና የማደስን ሥራ እንዲማሩባቸው አስቦ ነበር። ኮሌጁም ትምህርቱን አቋቋመ፤ በኋላም በዚሁ ሙያ ዲግሪ እስከ መስጠት ደረሰ። ተማሪዎቹ ሞተር መፍታትን፥ ቆርቆሮ መቀጥቀጥን፥ የወንበር ልብስ መስፋትንና ቀለም መቀባትን ይማራሉ። በ2023 ዓ.ም. የኮሌጁ ተማሪዎች ያደሱት የ1953 ዓ.ም. መርሴዲስ ቤንዝ በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች በሚደረገው በታወቀው የአውቶሞቢል ውድድር ላይ በመደቡ ሁለተኛ ወጣ። ቢሉ መኪናዎቹን በሐራጅ አሸጦ ገንዘቡን ቢሰጥ ኖሮ፥ እርሱም በጎ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ያበቃ ነበር። እርሱ ግን «ይህ ዕቃ ከገንዘብነቱ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ስላሰበ፥ ከብረቱ የእጅ ሙያ ወጣ። ሙያውም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዛሬ ድረስ አለ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለው እላለሁ። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በዚያ ያደጉ ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን ንብረት የሚረከቡበት ጊዜ እየደረሰ ነው። በአገር ቤትም ቢሆን አባት የተወው መጻሕፍት፥ እናት የተወችው የወርቅ ጌጥ ወይም የእጅ ሥራ፥ አያት የተወው መሬት የሌለበት ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በቋንቋችን ውርስና ቅርስ የሚሉት ሁለት ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ነገራቸው ግን የተለያየ ነው። ውርስ ማንም ሳይደክም በሞት ምክንያት ወደ እጁ የሚገባ ሀብት ነው። ቅርስ የሚሆነው ግን የተረከበው ሰው ምንነቱን አውቆ ሲጠብቀው፥ ወይም አውቆ ለሚጠብቀውና ለሚጠቀምበት ሲያስተላልፈው ነው።

ስለዚህ የወረሰውን ለመስጠት ያሰበ ሰው አራት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ይህ ነገር በሙሉ የእኔ ነውን? ለሟቹ ምን ነበር? ከእጄ ሲወጣ ለችግረኛው ምን ያህሉ ይደርሳል? ዋጋውን ለመንግሥት ሳስታውቅ እውነቱን እናገራለሁን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ጥቂት ሳምንታት ቢወስድበት አይቈጭ። አባቱ ያን መኪና ለመግዛት ምን ያህል ዓመት እንደ ሠራ ቢያስብ፥ ለመስጠት ጥቂት ሳምንት መድከም አይበዛበትም።